ከተኩስ ጥቃት በኋላ፦ የማኅበረሰብ ጥበብና ማገገም

የማኅበረሰብ ጥበብ አንድ ሠዓሊ ስቱዲዮው ውስጥ ጨርሶት የሚያመጣው ሥራ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ራሱ የሚመክርበት፣ የሚከራከርበትና በእጁ የሚሠራው ነው። የተኩስ ጥቃት በደረሰባቸው በርካታ ቦታዎች የሐዘንተኞች መገናኛ ሆኗል። ጥይት የሚጎዳው የተመታውን ብቻ አይደለምና። እናት ልጇ የወደቀበትን መንገድ ላለማየት ዞራ ትሄዳለች። ጎረቤት ከመሸ አይወጣም። ልጆች ርችት ሲሰሙ ይደነብራሉ። ሰው ከሰው ይርቃል። አብሮ መሥራት ከሁሉ በፊት የሚያክመው ይህን መራራቅ ይመስለኛል።

በዚህ ሥራ ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ናት። በ1984 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግድግዳ ላይ መሞነጫጨርን ለማስቀረት የተጀመረው ፕሮግራም ዛሬ ሙራል አርትስ ፊላዴልፊያ ይባላል። ከ4,000 በላይ የግድግዳ ሥዕሎችንም አሠርቷል። አሠራሩ ደስ ይላል። ንድፉ መጀመሪያ በቀጭን ጨርቅ ላይ ይሰመራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን ቀለም እንደሚቀባ በቁጥር ይጻፍበታል። ብሩሽ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ቁጥሩን እያየ ይቀባል። ጨርቁ ሲያልቅ ተወስዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መሰላል መውጣት የማይችል አዛውንትም፣ ከግቢው የማይወጣ እስረኛም እጁን ያሳርፍበታል። በአንድ ወቅት የግሬተርፎርድ ወህኒ ቤት እስረኞችና በወንጀል የተጎዱ ሰዎች ተገናኝተው እንዲሠሩ ተደርጓል። ስለ ቅጣትና ስለ ጸጸት የነበራቸው አመለካከት ተጋጨ፤ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ሁለት ሥዕሎች ወጡ፦ አንዱ የተጎጂዎችን መንገድ፣ ሌላው የእስረኞችን የሚያሳይ።

አንዳንድ ቦታ ጥሬ ዕቃው ራሱ መሣሪያው ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1995፣ በጳጳስ ዲኒስ ሴንጉላኔ አነሳሽነት ሰዎች ጠመንጃ እያስረከቡ መቆፈሪያ፣ ብስክሌትና የስፌት መኪና ይቀበሉ ጀመር። የተቆራረጠው ብረት ለቀራፂዎች ተሰጠ። በ2001 ከጠመንጃ ክፍሎች የተሠራው ዙፋን ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ደግሞ ቀራፂዋ ዶሪስ ሳልሴዶ፣ ፋርክ የሚባሉት የአገሪቱ አማፅያን ያስረከቡትን 37 ቶን መሣሪያ አቅልጣ በ2018 የወለል ንጣፍ አደረገችው። ቅርጹን ያወጡት በጦርነቱ ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ናቸው። ለንጣፉ ቅርጽ ማውጫ የሆነውን የብረት ሉህ በመዶሻ ሲቀጠቅጡ የተፈጠረው ጉብታና ስርጉድ ወለሉ ላይ ይታያል። ጎብኚው ይራመድበታል።

በ2019 ቺካጎ ውስጥ ለእይታ የቀረበው የተኩስ ጥቃት መታሰቢያ በመስታወት ጡብ የተሠሩ አራት ትንንሽ ቤቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ቤት 700 ጡብ አለው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በየሳምንቱ በጥይት የሚሞተው ሰው በአማካይ ይህን ያህል ነበር። ቤተሰቦች የሕፃን ጫማ፣ ፎቶ፣ የምረቃ ዕለት ማስታወሻ እያመጡ በጡቦቹ ውስጥ አኖሩ። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህም ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ደፍረው የማያወሩት ሐዘን ነው።

ጥበብ ግን የሐኪምን ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያን ቦታ አይተካም። ጥንቃቄ ከጎደለው ቁስልም ይቀሰቅሳል። የሟች ፊት በትልቁ ተስሎ ቤተሰቡ በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ግድ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዩቫልዴ ከተማ በ2022 በትምህርት ቤት ውስጥ በጥይት ለተገደሉት 19 ልጆችና ሁለት መምህራን 21 የግድግዳ ሥዕሎች ሲሠሩ፣ ሠዓሊዎቹ ሟቾቹ ምን ይወዱ እንደነበር ከቤተሰቦቻቸው ጠይቀው ነበር። ለሪባን ቆረጣ ተብሎ የሚጣደፍ ሥራ ይህን ይዘላል፤ ትልቁ ጥፋትም እሱ ነው። ሌላው የሚረሳው እድሳቱ ነው። ቀለም ይደበዝዛል፣ ሕንፃም ይሸጣል። ግድግዳውን ማን እንደሚንከባከብና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሥራው ሳይጀመር በስምምነት መጻፍ አለበት።