«ሳርፓንች ፓቲ» ምንድን ነው?

በህንድ ገጠር የመንደር አስተዳደር ወሬ ከተነሳ አንድ ቃል መምጣቱ አይቀርም፦ «ሳርፓንች ፓቲ»። ሳርፓንች የመንደሩ ምክር ቤት፣ የፓንቻያቱ፣ ሊቀመንበር ነው። ፓቲ ባል ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «የሊቀመንበሯ ባል» ይሆናሉ። በኡታር ፕራዴሽ «ፕራድሃን ፓቲ»፣ በቢሃር «ሙክያ ፓቲ» ይሉታል፤ የሹመቱ ስም ይለያይ እንጂ ሰውየው ያው ነው። የተመረጠችው ሚስት ናት፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው እሱ።

ፓቲ የሳንስክሪት ቃል ነው። ባል ብቻ ሳይሆን ጌታ፣ ባለንብረትም ማለት ነው። የእኛ «ባለቤት» ቤቱንም ትዳሩንም በአንድ ቃል እንደሚይዘው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ ባለቤት ለሚስትም ይሆናል፣ ፓቲ ግን ወንድ ብቻ ነው። የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር መጠሪያም «ራሽትራፓቲ» ነው፣ «የአገር ጌታ» እንደማለት። በ2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፕራቲባ ፓቲል የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ «ምን ብለን እንጥራቸው?» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። የፓቲ አንስታይ «ፓትኒ» ነው፤ ፓትኒ ደግሞ ሚስት እንጂ ጌታ ማለት አይደለም። «የአገር ሚስት» ማለት ስለማያምር መጠሪያው እንደ ነበረ ቀረ።

ወደ መንደሩ እንመለስ። ሳርፓንቿ ጋ ሲደወል ስልኩን የሚያነሳው ባልየው ነው። ከወረዳ የመጣው ሹም «ሳርፓንች ሳሂብ» («ጌታው ሳርፓንች» እንደማለት) እያለ ሰላምታ የሚሰጠው ለእሱ ነው። እሷ ስብሰባ ከመጣችም የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ጥላ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴም የምትገባው ሻይ ይዛ ነው። ወረቀቱ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ሊጥ የነካ እጇን በሳሪዋ ጠረግ አድርጋ ትፈርማለች። ማህተሙ ባሏ ኪስ ውስጥ ነው።

ይህ ሰው ከየት መጣ? ከጥሩ ሕግ ነው የመጣው። ሚያዝያ 1993 ሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በየፓንቻያቱ ካሉት መቀመጫዎችም ከሊቀመንበርነቱም ሢሶው ለሴቶች እንዲሆን አዘዘ። ቢሃር በ2006 ድርሻውን ወደ ግማሽ ከፍ አደረገች፤ ዛሬ ከ20 በላይ ግዛቶች ተከትለዋታል። በመላ አገሪቱ ወደ 1.4 ሚሊዮን የተመረጡ ሴቶች አሉ ማለት ነው። በቁጥር ይህን የሚያህል የሴት ተመራጭ ያለው አገር አላውቅም።

ግን ኮታው ይዞራል። ዘንድሮ ለሴት የተባለው መንደር በሚቀጥለው ምርጫ ለማንም ክፍት ይሆናል፣ ኮታው ወደ ጎረቤት መንደር ይሄዳል። ለዓመታት ሳርፓንች የነበረው ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ሚስቱን ያስመዘግባል፣ የምርጫ ፖስተሯ ላይ የራሱን ፎቶ ያስለጥፋል፣ አምስቱን ዓመት ወንበሩን ያሞቅና ተራው ሲደርስ በስሙ ይመለሳል። በእኔ እይታ የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው። ሴትዮዋ በጀቱን፣ ሹሙን፣ ደብዳቤውን ለይታ ባወቀች ማግስት መቀመጫው ከእጇ ይወጣል።

ቃሉ ፌዝ አለበት፤ የሚፌዘው ግን በባልየው ብቻ አይደለም። ከተማ ያለው አንባቢ «የገጠር ሴት አሻንጉሊት ናት» ብሎ ጋዜጣውን ያጥፋል። ኢኮኖሚስቶቹ ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይ እና ኤስቴር ዱፍሎ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ያገኙት ሌላ ነው። በ2004 ባወጡት ጥናት ሴት የምትመራቸውን መንደሮች ወንድ ከሚመራቸው ጋር አስተያዩ። ለኮታው የሚደርሰው መንደር በዕጣ መልክ ስለሚመረጥ ንጽጽሩ አያዳላም። ሴት በመራችበት መንደር የመጠጥ ውኃ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ይበልጣል። ውኃ የምትቀዳው ማን እንደሆነች ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በኋላ ዱፍሎ ከሌሎች ጋር ምዕራብ ቤንጋል ላይ የሠሩት ጥናት ደግሞ፣ ሁለት የምርጫ ዘመን በሴት በተመሩ መንደሮች ወላጆች ለሴት ልጃቸው የሚመኙት ነገር ለወንዱ ከሚመኙት ጋር እየተቀራረበ መሄዱን አሳየ። ማህተሙ የባልየው ኪስ ውስጥ ሆኖም አንድ ነገር ያመልጣል ማለት ነው።

ከታች ተነስተው ሩቅ የሄዱም አሉ። የዛሬዋ ርዕሰ ብሔር ድሮፓዲ ሙርሙ የሳንታል ጎሳ ተወላጅ ናቸው፤ ፖለቲካን የጀመሩት በ1997 ኦዲሻ ውስጥ ራይራንግፑር በምትባል ትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባል ሆነው ነው።

መንግሥት አጭር መንገድም ሞክሮ ነበር። የሃርያና ግዛት በ2015 ለፓንቻያት ምርጫ ተወዳዳሪ ሁሉ የተወሰነ ክፍል የተማረ መሆን አለበት አለች፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸደቀላት። ያልተማረች እናት በሕግ ከውድድር ወጣች። ልጅ እያለች ትምህርት ቤት ያልላካት ሥርዓት፣ ባደገች ጊዜ ስላልተማርሽ አትወዳደሪም ማለቱ ነው።

ለመሆኑ ዛሬም ይህ አለ? መጋቢት 2025 በቻቲስጋር ግዛት፣ ካቢርዳም አውራጃ ፓራስዋራ በምትባል መንደር ስድስት ሴቶች የፓንቻያት አባል ሆነው ተመረጡ። በቃለ መሐላው ቀን አበባ አንገታቸው ላይ አጥልቀው የማሉት ስድስቱ ባሎች ነበሩ። ቪዲዮው አገሩን ሲያዳርስ መሐላውን ያስፈጸመው የፓንቻያቱ ጸሐፊ ከሥራ ታገደ። ባሎቹ ግን ቤታቸው ገቡ።

በዚያው ዓመት፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክንያት የተቋቋመው የፓንቻያት ሚኒስቴር ኮሚቴ ሪፖርቱን አቅርቦ በሚስታቸው ስም በሚያስተዳድሩ ባሎች ላይ አስተማሪ ቅጣት ይጣል ብሏል። ቅጣቱ እንዲመጣ ግን ምስክር ያስፈልጋል። ዋናዋ ምስክር ማታ የምትገባው ከተከሳሹ ጋር አንድ ቤት ነው።