ሳይወለዱ ስም የሚወጣላቸው ነፋሶች፦ የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሳይክሎን ወቅት

በሞሪሸስና በጎረቤቶቿ ደሴቶች ነፋስ ሳይነሳ ስሙ ይወጣል። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት በፊደል ተራ የተደረደሩ የወንድና የሴት ስሞች ይታተማሉ። ስሞቹን የሚያቀርቡት የአካባቢው አገሮች ናቸው። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ተራውን ጠብቆ ስም ያገኛል። ሳይክሎን፣ ማለትም ከሞቀ ባሕር ላይ የሚነሳ ጠመዝማዛ አውሎ ነፋስ፣ ለመባል ግን 118 መድረስ አለበት።

ስም አወጣጡ ራሱ ድንበር አለው። ነፋሱ ከ55 ዲግሪ ኬንትሮስ በምሥራቅ ከሆነ ስሙን የምታወጣው ሞሪሸስ ናት። በምዕራብ ከሆነ ማዳጋስካር። የሚገርመው፣ መላውን የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ 90 ዲግሪ ምሥራቅ የሚከታተለው ማዕከል ያለው በፈረንሳይ ሥር ባለችው በሬዩኒዮን ነው። እሷ ትመለከታለች፣ ሌሎቹ ስም ያወጣሉ።

ወቅቱ በመደበኛው ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 30 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛም ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይሆናል።) ደሴቶቹ ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ ሙቀቱ የሚበረታው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ያን ጊዜ የባሕሩ ውኃ ከ26 ዲግሪ ያልፋል። እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ወደ ውኃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፣ ታች የአየር ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዙሪያው ያለው አየር ክፍተቱን ሊሞላ ይሮጣል። የመሬት መሽከርከር ደግሞ ያጣምመዋል። በደቡብ በኩል ሳይክሎን የሚዞረው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው።

ምድር ወገብ አጠገብ ይህ ማጣመም በጣም ደካማ ነው። ለዚህ ነው የሲሼልስ ዋና ደሴት ማሄ፣ 4 ዲግሪ ደቡብ ላይ ስላለች፣ ሌሎቹ ሲንቀጠቀጡ በአብዛኛው ተኝታ የምታድረው። የሲሼልስ ዕጣ ግን አንድ አይደለም። ወደ 10 ዲግሪ ደቡብ ወርዶ ያለውን የፋርኩሃር ደሴቶች ስብስብ በኤፕሪል 2016 ፋንታላ የተባለው ሳይክሎን ክፉኛ መቶታል።

ሬዩኒዮን ላይ ዋናው ነገር ነፋሱ አይደለም፤ ዝናቡ ነው። ከባሕር መካከል 3,000 ሜትር አልፎ የሚወጣ ተራራ አላት። እርጥቡ አየር ተራራው ላይ ተላትሞ ይወጣና ውኃውን እዚያው ያራግፈዋል። በጃንዋሪ 1966 ዴኒዝ የተባለው ነፋስ በ24 ሰዓት 1,825 ሚሊ ሜትር አፈሰሰ። በፌብሩዋሪ 2007 ጋመድ በ72 ሰዓት 3,930 ሚሊ ሜትር አወረደ። ሁለቱም በተመዘገቡበት የጊዜ ርዝመት የዓለም ክብረ ወሰን ናቸው። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። የሦስት ክረምት ዝናብ በሦስት ቀን ወረደ ማለት ነው።

ነፋሱ የደሴቶቹን እርሻም መርጦላቸዋል። ሬዩኒዮን ድሮ የቡና አገር ነበረች። በ1806 እና 1807 ተከታትለው የመጡ አውሎ ነፋሶችና ጎርፎች ቡናውን ጠራርገው ከወሰዱት በኋላ ገበሬው ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞረ። አገዳ ይተኛል እንጂ እንደ ዛፍ ተነቅሎ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይቆማል። ማዳጋስካር ግን እስካሁን ከቫኒላ ጋር ናት። በማርች 2017 ኤናዎ የቫኒላውን አገር ሰሜን ምሥራቁን ሲመታ የቫኒላ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነካ።

ቤትን በተመለከተ የሞሪሸስ ታሪክ ከ1960 በፊትና በኋላ ተብሎ ይከፈላል። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ አሊክስ መጣ። ሕዝቡ ገና ቆርቆሮውን ሳይመታ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ካሮል ደረሰች። የነፋሱ ግፊት፣ ማለትም ድንገት የሚበረታው ምቱ፣ በሰዓት እስከ 256 ኪሎ ሜትር ተለካ። የሣር፣ የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች በአሥር ሺዎች ፈረሱ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የቤት ሰፈሮች ሠራ፣ ሕዝቡም ወደ ብሎኬትና ኮንክሪት ገባ። ዛሬ ደሴቷ ላይ የሚታየው ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ የውበት ምርጫ አይደለም። የካሮል ትዝታ ነው።

ለአሥርተ ዓመታት የሠራው የሞሪሸስ ማስጠንቀቂያ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ነፋሱ ከመድረሱ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ግፊት ሊመጣ 12 ሰዓት፣ ሦስተኛው 6 ሰዓት ሲቀረው ነው። አራተኛው ያ ግፊት ደርሶ ሲለካ ነው። እዚህ ላይ የምወዳት አንድ ነገር አለች። 12 እና 6 ሰዓቱ የሚቆጠረው በቀን ብርሃን ነው። በጨለማ ማንም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር አይመታም! ሰው በዚያ ብርሃን መስኮቱን ይቸነክራል፣ ባልዲና በርሜል ውኃ ይሞላል፣ ሻማና የባትሪ ሬዲዮ ያዘጋጃል፣ ዳቦና የታሸገ ዓሣ ይገዛል።

ግን ይህ ሁሉ የተሰላው ለነፋስ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2024 በላል የተባለው ሳይክሎን ሲያልፍ ሞሪሸስን ያስደነገጠው ጎርፍ ነበር። ብዙ ሰው ሥራ ገብቶ ነበር። በዋና ከተማዋ በፖርት ሉዊ መንገዱ ወንዝ ሆኖ መኪና በመኪና ላይ ከመረ። በዚያው ቀን ሬዩኒዮን ሐምራዊ ማስጠንቀቂያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥታ ነበር። ሐምራዊ ሲባል የነፍስ አድን ሠራተኛ ራሱ ከቤት አይወጣም።

የቤት ነገር ምን ያህል እንደሚለይ ማዮት አሳይታለች። ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ቺዶ መጣ። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግፊት ነበረው። ከ1934 ወዲህ ደሴቷ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ማዮት የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ ማስጠንቀቂያውም በጊዜ ወጥቷል። ኮረብታዎቿን የሞሉት ግን የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ውስጥ የሚኖሩት ከኮሞሮስ የመጡ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። «መጠለያ ከሄድን እንያዛለን» ብለው የቀሩ እንደነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። ኮረብታዎቹ በአንድ ጠዋት ተላጩ። የተመዘገበው የሟች ቁጥር 40 ገደማ ነው። አስከሬን ወዲያው የሚቀበርበት የሙስሊም አገር ስለሆነ ቁጥሩን የሚያምነው ሰው ጥቂት ነው። እኔም አላምነውም።

አንዳንዱ ነፋስ ደግሞ መሄጃ ያጣ እንግዳ ይሆናል። ፍሬዲ በፌብሩዋሪ 2023 መጀመሪያ ላይ ከአውስትራሊያ በኩል ተነስቶ ውቅያኖሱን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ማዳጋስካርን መትቶ ሞዛምቢክ ገባ። አለቀለት ሲባል ወደ ባሕሩ ተመለሰ፣ ሙቀት ጠጣ፣ ዳግም ሞዛምቢክ ላይ ወረደ። ማላዊ ውስጥ ሟቾቹና የገቡበት ያልታወቁት ሲደመሩ ከ1,000 በላይ ሆኑ። 36 ቀን ቆይቶ የረጅም ዕድሜ ክብረ ወሰኑን ወሰደ።

ነገሩ ከኛም ጋር ይነካካል። የወቅቱ መጨረሻ ከበልጋችን ጋር ይገጥማል። ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ በዚያ ውቅያኖስ ብዙ ሳይክሎን በሚነሳባቸው ዓመታት በልጉ ይደርቃል። ሳይክሎኑ እርጥቡን አየር ወደ ደቡብ ይጎትተዋል፣ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የነበረበት ዝናብ ባሕር ላይ ይቀራል።

ለሞሪሸስ ግን ሳይክሎን ጠላት ብቻ አይደለም። ግድቦቿን የሚሞላው የዚህ ወቅት ዝናብ ነው። ጃንዋሪ በደረቅ ካለፈ ቧንቧው በፈረቃ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚያልፍ፣ ዝናቡን ሰጥቶ ጣሪያውን የሚተው ሳይክሎን ይመኛል።

ኤፕሪል ሲጋመስ ሁሉም ይዘናጋል። በ1851 ሞሪሸስ ውስጥ የሜትሮሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ፣ ፖርት ሉዊ ከሚያርፉ መርከቦች መዝገብ እየሰበሰበ የነፋሶቹን መንገድ ሲያጠና ኖሯል። እውቀት አልጠፋም። ሆኖም በ1892 ያን ያህል ዘግይቶ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ዛሬ ወቅቱ ይዘጋል ከሚባልበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 29፣ ሳይክሎን ፖርት ሉዊን መታ። 1,200 ያህል ሰው ሞተ።