የተግባር ትንተና ምንድን ነው? እንጀራ ቆርሶ መጉረስን ይዘን እንየው

የተግባር ትንተና በኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ በሚያግዘው የጤና ሙያ) ውስጥ አንድን የዕለት ሥራ በየደረጃው ፈታትቶ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከአካል፣ ከአእምሮና ከአካባቢ ምን እንደሚጠይቅ መለየት ነው። የጡንቻ ምርመራ እጁ ምን ያህል እንደደከመ ይነግረናል፤ ሰውየው መብላት ለምን እንዳቃተው ግን አይነግረንም። ትንተናው የሚፈልገው ሥራው የሚቋረጥበትን ቦታ ነው። ቦታው ከታወቀ ልምምዱንም እርዳታውንም መምረጥ ይቀላል።

በኢትዮጵያ ሙያው ገና ለጋ ነው፤ በዲግሪ ደረጃ ትምህርቱ የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት ስለ መብላት ሲያስረዱ ሹካና ቢላ ይዘው ነው። ሹካ በአንድ አያያዝ ከሳህን ወደ አፍ ይሄዳል፤ እንጀራ ግን ይቆረሳል፣ ወጥ ይጠቀለልበታል፣ ከዚያ ይጎረሳል። የጣት ሥራው ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ የመጽሐፉን ትንተና እንዳለ መውሰድ አያዋጣም።

ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ያደከመው ሰው «በገዛ እጄ መብላት እፈልጋለሁ» አለ እንበል። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ክንድን ወደ ትሪው መዘርጋት፣ ጣቶችን እንጀራው ላይ ማሳረፍ፣ መቆንጠጥ፣ መቁረስ፣ ቁራሹን ወጡ ላይ አድርጎ መጠቅለል፣ ማንሳት፣ መጉረስና ጣትን መልቀቅ። ከሁሉም የሚከብደው መቁረሱ ነው። አውራ ጣት ከጠቋሚና ከመሃል ጣት ጋር ተገጥሞ ይቆነጥጣል፣ በዚያው ቅጽበት የእጅ አንጓው ቀና ብሎ መቆየት አለበት፣ ክንዱ ደግሞ ወደ ራስ ይስባል። አንጓው ቁልቁል ከወደቀ ቁንጥጫው ይላላል። ራስዎ ይሞክሩት፦ አንጓዎን ወደ ታች አጥፈው ጡጫ ይጨብጡ፤ ጣቶቹ አይጠብቁም። ጣት የሚያጥፉት ጅማቶች አንጓውን ተሻግረው ስለሚያልፉ፣ አንጓው ሲታጠፍ ይረግባሉ። ስለዚህ «ጣቶቹ ደካማ ናቸው» ተብሎ ኳስ ሲያስጨብጡት የሚውሉት ሰው፣ ችግሩ አንጓው ላይ ሊሆን ይችላል። በሚያግዘው ሰው እጅ ወይም በስፕሊንት (እጅን ቀና አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ) አንጓውን ደግፎ እንደገና ማስቆረስ ይህን ወዲያው ያሳያል።

ማንሳቱ ላይ ሌላ ነገር ይታያል። ጉርሻ አፍ እስኪደርስ ክርን እስከ 130 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፣ መዳፍም ወደ ራስ ገጽ ዞር ይላል። ይህን ያጣ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው ያነሳል፣ ወይም ደረቱን ወደ ትሪው አጎንብሶ በአፉ ጉርሻውን ይከተለዋል። ሆዱን ሞላ ማለት ይቻላል፤ ግን የለመደው ማካካሻ ስር ከሰደደ በኋላ ማስተው ይከብዳል፣ ትከሻውንም ያሳምመዋል።

አካባቢውም የትንተናው አካል ነው። ከዱካ ተቀምጦ ከመሶብ መብላት ለጤነኛ ምቹ ነው፤ ለዚህ ሰው ግን ወገቡ ይጎብጣል፣ ለመነሳትም ይቸገራል። እግሩ መሬት የሚረግጥበት፣ ጉልበቱ ወደ 90 ዲግሪ የሚታጠፍበት ወንበርና ክንዱን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ይሻላል። ትሪው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፤ የደከመው እጅ ገና መቁረስ ካልቻለም የትሪውን ጠርዝ እንዲይዝ ማድረግ ቢያንስ ከሥራው ውጭ እንዳይሆን ይረዳል። ግራ ጎኑ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠበቃል፦ የትሪውን ግራ ግማሽ ሳይነካ «ጨረስኩ» ካለ፣ ጠግቦ ላይሆን ይችላል፤ በግራ በኩል ያለውን ልብ አለማለት የስትሮኩ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ደረጃ መስጠት ይመጣል፤ ሥራውን ሰውየው ከሚችለው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማቅረብ ማለት ነው። ለእንጀራ የምንለዋውጣቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ለስላሳ ትኩስ እንጀራ ከደረቀው ይልቅ በቀላሉ ይቆረሳል። ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ጎመን ሲጠቀለል አይፈስም፤ ቀጭን ወጥ ግን በጣቶች መሃል ይንጠባጠባል። በትሪ ላይ የተዘረጋውን መቁረስ ከጥቅሉ ይቀላል፣ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ይፈልጋልና። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ እንጀራውም ወጡም ወንበሩም አብረው ከተቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

ሥራውን ከመጨረሻው ደረጃ ጀምሮ ማስተማር እዚህ ላይ ጥሩ ይሠራል። መጀመሪያ የሚያግዘው ሰው ቆርሶና ጠቅልሎ ጣቶቹ መሃል ያደርግለታል፤ እሱ ይጎርሳል። ያ ሲሳካለት መጠቅለሉ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም መቁረሱ። እያንዳንዱ ሙከራ በመጉረስ ስለሚያልቅ ሰውየው በከንቱ አይደክምም። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። ማጉረስ የፍቅር ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከበሽተኛ ፊት ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን በየማዕዱ የሚያጎርሱት ሰው ራሱ ለመቁረስ የሚያበቃውን ልምምድ ያጣል። ቴራፒስቱ «አታጉርሱት» ከማለት ይልቅ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ጉርሻዎች ለእሱ ይተዉለት፣ ከደከመው በኋላ ያጉርሱት ብሎ ቢነግራቸው ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፦ መዋጥ። ከስትሮክ በኋላ ሲውጥ የሚያስለው፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ እርጥብና የተሸፈነ የሚመስል ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር የመብላት ልምምድ አይጀመርም። የእጁ ስሜት ከጠፋም የሚፋጅ ወጥ ጣቱን ሲያቃጥለው አያውቅም።

እርዳታ የሚመዘነው በግምት አይደለም። ሰውየው ከሥራው ሦስት አራተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ራሱ ከሠራ አነስተኛ እርዳታ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ መካከለኛ፣ ሩብና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ማስታወሻውም እንደዚሁ ይጻፍ። «በራሱ በላ» ማለት ምንም አይናገርም። «10 ጉርሻ ሞከረ፤ 7ቱን ራሱ ቆረሰ፣ በ3ቱ አንጓው ተደገፈለት፤ ከ8ኛው በኋላ ትከሻው መነሳት ጀመረ» ተብሎ ከተጻፈ ነገ የሚመጣው ቴራፒስት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሳምንታት አልፈው አንጓው ካልጠነከረስ? ያኔ ማዳን ላይ ከተተኮረው ልምምድ ጎን ለጎን ማስተካከያው ይገባል፦ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሎ የወፈረ ማንኪያ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ሳህን፣ ፍርፍር። በግራ እጅ መብላትም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ከሌሎች ጋር ከአንድ ትሪ በግራ እጅ መቁረስ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ሰው ማንኪያ በግራ እጅ መያዝ ብዙም ላያሳፍረው ይችላል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ይጠየቅ።