ዘፍጥረት 16 እና 17፦ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ 13 ዓመት

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖች።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አንሡና የዘፍጥረት 16ን መጨረሻ ግለጡ። ቁጥር 16፣ የሚስቱ የሦራ አገልጋይ አጋር እስማኤልን ስትወልድለት አብራም የ86 ዓመት ሰው እንደ ነበረ ይነግረናል። ከሥሩ ያለው መስመር ምዕራፍ 17 ቁጥር 1 ነው፤ እዚያ አብራም 99 ዓመት ሆኖታል፣ እግዚአብሔርም ተገለጠለት። በወረቀቱ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ጣት የማይሞላ ባዶ ቦታ ነው። በአብራም ድንኳን ውስጥ ግን 13 ዓመት አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔር ለአብራም የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም።

መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ፣ በተራ በተራ እናንብብ የምንለው ለዚህ ነው። እምነት ከመስማት ነው፣ መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው (ሮሜ 10፥17)። ነገር ግን የተስፋውን ጥቅስ ብቻ እየለቀመ የሚያነብ ሰው ይህን ባዶ ቦታ አያየውም። ስለዚህ በራሱ ሕይወት ዝምታ ሲገጥመው እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል።

ኤርምያስ 29፥11ን ውሰዱ። በታክሲ መስታወት ላይ፣ በሠርግ ካርድ ላይ፣ በሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፦ “የሰላም አሳብ” የሚለው። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሱ “ሰባ ዓመት” ይላል። ወደ ቁጥር 5 ብትመለሱ ደግሞ በባቢሎን የተማረኩትን ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ብሉ ይላቸዋል። ቃሉ እውነት ነው፣ ተስፋውም ጽኑ ነው፤ የተነገረው ግን ረጅም ዘመን ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። ይህን ሳያውቅ በሦስት ወር መልስ የጠበቀ ሰው፣ ሦስቱ ወር ሲያልፍ የሚጎዳው እምነቱ ነው። መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጦ ዓይን ያረፈበትን “የዛሬ ቃሌ” ማለትም እዚያው ያደርሳል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ብዙዎቻችን መስከረም 1 ላይ ከዘፍጥረት 1 እንጀምራለን፣ በቀን 3 ምዕራፍ። ዘፍጥረት 50፣ ዘጸአት 40 ምዕራፍ ስለሆነ ሁለቱ ልክ በ30 ቀን ያልቃሉ። ጥቅምት 1 ዘሌዋውያን ይመጣል፤ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ይከብዳል፣ አንድ ቀን ይዘለላል፣ በማግስቱ 6 ምዕራፍ ዕዳ ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን 9። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ይተወዋል። ያስቆመው ስንፍና አይደለም፤ የተጠራቀመው ዕዳ ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው ከዘፍጥረት 12 ጀምሮ በቀን 1 ምዕራፍ ነው። ወር በገባ በ1 ከጀመራችሁ በ5ኛው ቀን ምዕራፍ 16 ላይ፣ በ6ኛው 17 ላይ ትሆናላችሁ። ያን ሌሊት የምትተኙት በዚያ 13 ዓመት ውስጥ ነው፤ ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ቀን አታንብቡ። በ29ኛው ቀን ምዕራፍ 40 ይመጣል፦ የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ዮሴፍን ረሳው ብሎ ይዘጋል። የ30ኛው ቀን ምዕራፍ 41 “ከሁለት ዓመት በኋላ” ብሎ ይከፍታል። ዮሴፍ ታሪኩ ሲጀምር 17 ዓመቱ ነበር፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ይህም 13 ዓመት ነው። እነዚህን ቀናት በዝግታ ያለፈ አማኝ፣ የቤቱ ጉዳይ ወይም የልጅ ጥያቄ ሲዘገይበት “ይህን አውቀዋለሁ፣ እግዚአብሔር በዝምታ ውስጥም ነበረ” ማለት ይጀምራል።

ካመለጣችሁ ያመለጠውን አትክፈሉ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ወደ ኋላ የቀረውን ለጳጉሜን አቆዩት።

ስለ ሰዓቱ፦ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ የምንኖር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እንወጣለን፣ ማታ ደክመን እንገባለን። ከማታው ይልቅ ጠዋቱ ይሻላል፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ማታ መጽሐፉን በምታነቡበት ምዕራፍ ላይ ክር አግብታችሁ ከስልካችሁ በላይ አስቀምጡት፤ ጠዋት እጃችሁ መጀመሪያ የሚነካው እርሱን ይሁን። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ አጠገቡ ይኑር። በስልክ የምታነቡ ከሆነ መጽሐፉን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ዳታውን አጥፉ፤ አንድ መልእክት ብቅ ካለ ጥሞናው አበቃ። የታክሲ ወይም የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ደግሞ ያንኑ የጠዋት ምዕራፍ በጆሮ ማዳመጫ ድገሙት። አዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ፤ ሰልፍ ሲንቀሳቀስ ግማሹ ያመልጣል።

ደብተር ያዙ፣ በቀን ሦስት መስመር ብቻ። ለምዕራፍ 16 እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ “እግዚአብሔር፦ አጋርን በምድረ በዳ አያት፣ ኤልሮኢ (የሚያየኝ አምላክ) ብላ ጠራችው። ሰው፦ ሦራ ልጅ መጠበቅ ሰልችቷት የራሷን መንገድ ፈለገች። ጸሎቴ፦ ጌታ ሆይ፣ እኔ የቸኮልሁበትን ነገር አሳየኝ።” የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ ስለ እግዚአብሔር ይሁን። ስለ ራሳችን ብቻ የምንጽፍ ከሆነ ደብተሩ የስሜታችን መዝገብ ይሆናል፤ መታመን የሚያድገው ግን የምንታመነውን በማወቅ ነው።

ከምዕራፉ ጋር አንድ መዝሙር ጨምሩ። 150 መዝሙር በቀን አንድ ልክ 5 ወር ነው፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ትርፍ የለውም። ጊዜ ያለው በቀን 5 ያንብብ፦ በ1 ቀን 1፣ 31፣ 61፣ 91፣ 121፤ በ2 ደግሞ 2፣ 32፣ 62፣ 92፣ 122፤ በወር ያልቃል። መዝሙር 119 በ176 ቁጥሩ ለአንድ ጠዋት ይበዛል፤ በ8 በ8 ቁጥር 22 ክፍል ስላለው ለብቻው ከፋፍሉት።

በኅብረት ስታነቡ ቁጥሩ ይለያያል፤ አንዱ 91 ሲል ሌላው 90 ያገኛል። ስሕተት አይደለም። የግሪኩን ሰባ ሊቃናት ትርጉም የሚከተለው ቁጥር 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ስለሚቆጥር እስከ 146 ድረስ አብዛኛው በአንድ ያንሳል። በብዙ አማርኛ ኅትመት ሁለቱም ቁጥር አለ፤ ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡና ተስማሙ።

ለዚህ ሳምንት መዝሙር 13ን ያዙ፣ በሌላው ቁጥር 12 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አራት ጊዜ “እስከ መቼ” ይላል፣ በመጨረሻው ይዘምራል። በመካከል ጠላቱ አልወደቀም፣ መልስም አልመጣም። ዘፍጥረት 16ን በምታነቡበት ዕለት ጠዋት ይህን አስቀድሙ።