የውጪ ዜጋ ተጫዋቾች በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወቱት የውጪ ዜጎች በብዛት ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከዩጋንዳና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ናቸው። ክለቦች ጎልተው የሚፈልጓቸው ለሁለት ቦታ ነው፦ ለበረኛና ለአጥቂ። መሀል ሜዳው በአመዛኙ የአገር ልጆች ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩ ከሊጉም ይቀድማል። ፕሪሚየር ሊጉ በዚህ ስሙ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ግን ከተሳተፉት አምስት ቡድኖች የኢትዮጵያውያን የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። የቀሩት የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው፤ ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። «ኳሳችንን የውጪ ሰው አበላሸው» ለሚል ደጋፊ ይህችን ጣል ማድረግ አይከፋም።

ከአጥቂዎቹ ናይጄሪያዊው ሳሙኤል ሳኑሚ በ2007 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ማሊያ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። የአገሩ ልጅ ኦኪኪ አፎላቢ የሠራው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፦ ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሲሆን 23 ግብ አስቆጥሯል። ቶጓዊው እስማኤል ኦሮ-አጎሮም በ2015 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ኮከብ አግቢነቱን ወስዷል። ቢሆንም አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ያስቆጠራትን 29 ግብ አንዳቸውም አልደረሱባትም።

የውጪ ተጫዋች ይምጣ አይምጣ የሚለው ክርክር የሚጦፈው በረኛው ላይ ነው። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ለዓመታት ጠብቋል፤ ከእሱ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ፣ ቀጥሎም ሌላው ዩጋንዳዊ ቻርለስ ሉክዋጎ መጡ። መቀሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ግማሽ ፍጻሜ የደረሰውን ፊሊፕ ኦቮኖን አስፈርሞ ነበር። እንዲህ ዓይነት በረኛ ሲመጣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይረጋጋል። ማዕዘን ምት ሲሻማ ወጥቶ ኳሷን ከጭንቅላት በላይ ይለቅማል፤ «ውጣ!»፣ «ሰው አለ!» የምትለዋን አማርኛ ከሰላምታ ቀድሞ ይለምዳል።

ችግሩ ግብ ጠባቂ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አጥቂ ቢመጣበት ወጣቱ ወደ ክንፍ ይወጣል፣ ተቀይሮም ይገባል፤ ሁለተኛው በረኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማሊያውን ሳያቆሽሽ ይከርማል። ብሔራዊ ቡድኑ ስለ በረኛ ስህተት በተወቀሰ ቁጥርም ነገሩ እዚሁ ይመለሳል። ግብፅ የውጪ በረኛን በሊጓ ከልክላለች። ለእኔ ክልከላው ብቻውን በረኛ አያወጣም፤ የበረኛ አሠልጣኝ የሌለው የታዳጊ ቡድን እስካለ ድረስ የሚሞላው ቦታውን እንጂ ክፍተቱን አይደለም። በሌላ በኩል ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ወንበሩ የሚነቃነቅበት አሠልጣኝ በስሎ የመጣ በረኛ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

የገንዘቡ ነገር ሌላ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች በጀታቸው ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት ስለሚመጣ ደመወዝ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያዊው ተጫዋች አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው ወደ ፌዴሬሽኑ ነው፤ የውጪ ዜጋው ግን ጉዳዩን በቀጥታ ለፊፋ ማቅረብ ይችላል። ፊፋ ፈርዶበት ያልከፈለ ክለብም እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት ድረስ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል።