አህጉራዊ የአየር ንብረት ምንድን ነው?

ቦዶ በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ቬርኮያንስክ ደግሞ በሩሲያ ሳይቤሪያ፣ ከውቅያኖስ ርቃ ትገኛለች። ሁለቱም 67 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆኑ ፀሐይ የምትደርሳቸው በእኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን በጥር የቦዶ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ የቬርኮያንስክ ከዜሮ በታች 45 አካባቢ ነው! እዚያው ቬርኮያንስክ በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. 38 ዲግሪ ተመዝግቧል። በ1892 እ.ኤ.አ. ከዜሮ በታች 67.8 ደርሶ ነበር። በአንድ ከተማ ከ105 ዲግሪ በላይ ልዩነት ማለት ነው።

አህጉራዊ የአየር ንብረት የሚባለው ይህ ነው፤ ከባሕር በራቀ ቦታ ሙቀቱም ብርዱም ሲከር። በባሕር ዳር ግን ሁለቱም ለዘብ ይላሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ለአንድ ኪሎ ደረቅ አሸዋ ከሚያስፈልገው 5 እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ማብራሪያው እዚህ ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ውሃ መማሰሉ ነው። የፀሐይ ብርሃን ውሃ ውስጥ ብዙ ሜትር ይዘልቃል። ነፋስና ማዕበል ደግሞ የሞቀውን ከቀዘቀዘው ጋር ያቀላቅሉታል። ስለዚህ ባሕር ሙቀቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጣል፣ በብርድ ወራት ቀስ እያለ ያወጣዋል። መሬት አይማሰልም። የቀኑ ሙቀት ከላይኛው ስስ ሽፋን ብዙም አይወርድም። ቶሎ ይግላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን ገደማ። ታዲያ የመላው ዓለም አማካይ ሙቀት ከፍ የሚለው በሐምሌ ነው፣ በራቀችበት ሰሞን! አብዛኛው የብስ ያለው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ስለሆነ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ያ ሁሉ መሬት ይግላል። የደቡቡ ንፍቀ ክበብ አምስት እጅ ቢከፈል አራቱ ውሃ ነው፤ በእሱ ተራ ያን ያህል አይሞቅም።

ባሕር ዳር መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ መታየት አለበት። ቭላዲቮስቶክ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ያለች የወደብ ከተማ ናት፤ ከፈረንሳይዋ ኒስ ጋር በአንድ መስመር፣ 43 ዲግሪ ላይ። ኒስ በጥር በአማካይ 9 ዲግሪ ገደማ ነች፤ ቭላዲቮስቶክ ከዜሮ በታች 12። በብርድ ወራት እዚያ የሚነፍሰው ከሳይቤሪያ ነዋ! ባሕሩ አጠገቧ ሆኖም አይደርስላትም። ቦዶን የሚያሞቃት ደግሞ ከምዕራብ፣ ሞቅ ካለው አትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ነው።

ሳዑዲ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። የሪያድ የጥር ሌሊት ጃኬት ያስለብሳል፣ ጅዳ ላይ ያ ብርድ የለም። በሐምሌ ግን ጅዳም ማታ እፎይ አታሰኝም፤ ቀይ ባሕር ራሱ ሞቆ፣ አየሩን በእርጥበት ይሞላዋል።

"ኢትዮጵያስ? ባሕር የላትም እኮ" የሚል አይጠፋም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። የፀሐይዋ ከፍታ በዓመቱ ውስጥ እንደ ሳይቤሪያ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ የወራቱ አማካይ ሙቀት ብዙም አይራራቅም። ቆላና ደጋን የሚለየው ከፍታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ እኩለ ቀን ላይ የሚያልበን፣ ሰማዩ ጥርት ስለሚልና አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ነው።