ጎድኑ የተመታ ሰው፦ ከአልጋው ዙሪያ የሚሰሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ደረቱ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው ባጃጅ ተገልብጦበት፣ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ወይም በሬ ወግቶት ሊሆን ይችላል። እኔን ከጉዳቱ እኩል የሚያታግለኝ አጅበውት የሚመጡት ሰዎች እምነት ነው።

«ጎድን ከተሰበረ በነጠላ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው።»
ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ወጌሻ ክንድ ቢያስር ክንዱ ያርፋል፤ ደረት ግን ማረፍ አይችልም። በደቂቃ 12 ጊዜ ብቻ የሚተነፍስ ሰው እንኳ በቀን ከ17,000 ጊዜ በላይ ደረቱን ያንቀሳቅሳል። የታሰረ ደረት ጠልቆ አይተነፍስም፣ አያስልም፤ አክታው ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይከተላል፤ በተለይ በአረጋውያን ላይ። ድሮ ሐኪሞችም ያስሩ ስለነበር ወጌሻን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዛሬ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ ማስታገሻ በሰዓቱ መውሰድ፣ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ማሳል፣ በየሰዓቱ ጥቂት ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ። ማስታገሻውን «እቋቋመዋለሁ» ብሎ የሚተው ጀግና ሳንባውን ይጎዳል።

«ራጁ ምንም አላሳየም።»
ተራ ራጅ ብዙ የጎድን ስብራት ያመልጠዋል። የተቀጠቀጠ ሳንባም መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ሊብስ ይችላል።

«መሣሪያው 96 ብሏል፤ ደህና ነው።»
ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ የሚነግረን ደሙ ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን ስንት በመቶውን እንደተሸከመ ነው። ስንት ደም እንደፈሰሰ፣ ሰውዬውም ያን ቁጥር ለማግኘት ምን ያህል እየታገለ እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ መጀመሪያ ልብሱን ገልጠን እናያለን። ሁለቱ ጎኖች እኩል ይነሳሉ? ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ጎድኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ከተሰበሩ፣ ያ ክፍል አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ይነፋል። በእጅ ስንዳስስ ቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ አየር አምልጧል ማለት ነው። በማዳመጫ አንዱ ጎን ዝም ካለ በጣት እናንኳኳለን፦ እንደ ከበሮ ካስተጋባ አየር፣ ከደነዘዘ ደም ሳይሆን አይቀርም። ከከበሮው ድምፅ ጋር የደም ግፊቱ ከወረደና ትንፋሹ ከተጨነቀ፣ ራጅ ሳይጠበቅ የታመቀው አየር በመርፌ ይለቀቃል።

«ቢላዋው ቶሎ ይነቀል።»
አይነቀልም። ቢላዋው ራሱ የደም ሥሩን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ደግፋችሁ አምጡት።

«ትንፋሽ መቁጠር የባለሙያ ሥራ ነው።»
ሰዓት ያለው አስታማሚ ሁሉ ይችላል። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ 30 ካለፈ ወይም ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከቆመ ባለሙያ ጥሩ። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ለታማሚው ግን አትንገሩት፤ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ትንፋሹን ይለውጣል።